የሰባተኛ ክፍል ወረቀት

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ባጃጄን ሳላጠፋ
አንጓች እየሮጠች፣ ትንፋሿ ሲጠፋ፣
አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። «ይርሳው፣ እንካ አንብበው፤
አማርኛው ከባድ ነው፣ ፈራሁት ገና ሳየው።»

ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ፊርማው ሁለት ቦታ፤
ቆሜ አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፣ በዝግታ።
«ከሰባተኛ ክፍል ስምሽን መዝግበናል፤
አሥራ ሁለት ጨርሰሽ ፈተናውን ካለፍሽ ድርሻሽ ይጠብቅሻል፤
የወጪ መጋራቱን፣ ደብተርና ልብስሽን፣
የመንገድ፣ የሳሙና፣ የኪስ ገንዘብሽን፣
እስክትመረቂ ድረስ እኛ እንሸፍናለን፤
አንቺ ብቻ ተማሪ» ይላል።
                                  ሁለታችንም ዝም አልን።

አምስት ዓመት ቀድሞ!
በእኛ ቤት ነገ ማለት ቅዳሜ ነው፤ ከቅዳሜ ወዲያ
ያለው ቀን የሐይቁ ነው፣ የነፋሱ፣ የገበያ።
ቆሮሶ ከተያዘ ራት፣ እንቦጭ ከበዛ ብድር፣
መረብ ከተቀደደ እስኪሰፋ ጦም ማደር።
ከዚህ የረዘመ ቀን ቆጥረን አናውቅም ነበር።

እናቴ ሲመሽ መጣች፣ ቢላዋዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣
ቀኑን ሙሉ የሰው ዓሣ ስትበልት፣ ስታጥብ ውላ።
«ምን ይላል?»
አነበብኩላት።
«ድገመው።»
ደገምኩላት።
«ብሩን ዛሬ ይሰጣሉ?»
«ዛሬስ ቃል ነው፤ ብሩ ያኔ ነው» አልኳት።
«ቃል!» አለች ውዳላት፣ «ቃልማ ስንቱ ገባ፤
እኛ ቤት ግን እስከ ዛሬ አንዱም አልገባ።»

ይህን ብላ ወረቀቱን ያዘች፣ እጇን ሳትታጠብ፣
ማንበብ ባትችልም ዓይኗን ልትመግብ።
ከማኅተሙ ጎን አንዲት የዓሣ ቅርፊት ተጣብቃ ቀረች፤
ደርቃ፣ እንደ ሁለተኛ ማኅተም ስታበራ አደረች።

እውነቱን ልናገር?
ቀናሁ።
እኔም በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እወድ ነበር።
ማንም አላባረረኝም፤ አንድ ሰኞ መረብ ስጎትት ቀረሁ፣
ማክሰኞም እንዲያው ቀረሁ፣ ረቡዕ ባጃጅ ማጠብ ጀመርሁ።
«ተምረህስ?» ላለኝ ሰው መልስ አልነበረኝም፤
ስሜን ጠርቶ «እንጠብቅሃለን» ያለኝ አልነበረም።
ስሜም ይርሳው ነው፤
ቢረሱኝ አልፈርድም።

ዛሬ ሒሳብ የምለው የተሳፋሪ ብር ነው።
በቀን ስምንት ጊዜ ፔዳ በር እደርሳለሁ፣
የሰው ልጅ አውርጄ፣ መልስ ሰጥቼ እዞራለሁ።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ
እኔን የሚያሙ ይመስለኛል።
ግቢው ዛፍ አለው፤ ከዛፉ ወዲያ ያለውን
ተሳፋሪዎቼ ሲያወሩ ነው የምሰማ።

አንጓች ከዚያ ወዲህ አልጎበዘችም፤
እንግሊዝኛዋ ያው ስድሳ ሁለት ነው፣ ንቅንቅ አላለችም።
ግን «ብገባ» ትል የነበረች ልጅ «ስገባ» ማለት ጀመረች፤
አንዲት ፊደል ናት፤ «ብ» ወጥታ «ስ» ገባች።
ብሩ ገና አልተቆጠረም፣ ባንኩም አያውቃት፤
እስካሁን የሰጧት ነገር ቢኖር ይህችው ፊደል ናት።
ከእሷ በላይ ግን ያገኘነው የለም።

እናቴ ስለ ወረቀቱ እስከ ዛሬ አታወራም።
ባለፈው ግን ጎረቤት «ልጂቱ ደርሳ የለ፣
ለምን ዓሣ መበለቱን አታግዝሽም?» ብትላት፣
ቢላዋዋን ሞረደችና
«እሷ ቀጠሮ አላት» አለች።

እሑድ «በሩን አሳየኝ» ብላ ነዘነዘችኝ፤
በዘንባባው መንገድ ይዣት ሄድኩ፣
«ከበሩ እስከ ክፍሉ ስንት ደቂቃ ነው?» አለችኝ።
«አሥር» አልኩ። ዋሸሁ።
ጥበቃው ብድግ አለ፤ «መታወቂያ?»
«የለንም» አልኩ እኔ።
«ገና ነው» አለች እሷ።

ጥበቃው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ፤
ባጃጁን አዞርኩ። ሐይቁ በስተግራ እንቦጩን ለብሶ ተኝቷል።
ቤት ስንደርስ ልቀልድ ብዬ «ሒሳብ!» አልኳት ስትወርድ።
ቀሚሷን አራገፈች፤
«አምስት ዓመት ጠብቅ» አለችኝ።