ያልተጻፈው ቶን

ኮምቦልቻ መውጫ፣ ከሐረጎ እግር ሥር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ነበር።
የመኪና ሚዛን ነው የኔ እንጀራ፤
ስንቱን መዘንኩት፣ ከነጎማው፣ ከነሹፌሩ ጋራ።

ደሴ እንዳለ፣ ልጄ፣
አለፈ በደጄ።
ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ የየሱቁ መስታወቱ፣
የባንኩ ካዝና፣ የወፍጮው ሞተር፣ የደብሩ መረዋ፣ የመስጊዱ ጨረቃ ለአናቱ፣
በኔ በኩል ነው የወጡት፣ እያቃሰቱ።
(በወልዲያ በኩል የገባውን አላውቅም። እሱ ጥቂት ነው።)

አንቺ ላፕቶፕሽን ይዘሽ መጣሽ ዘንድሮ፣
ክረምቱ ሳይጋመስ፣ ጉሙ ጦሳን ቀብሮ።
«መሬቱ ይንሸራተታል፣ አባባ ይመር፤
ተዳፋቱ የተሸከመውን እስቲ አብረን እንቁጠር።»
ከሰማይ የተነሣ ፎቶ፣ የፎቅ ብዛት፣ የጣራ ስፋት፣
በካሬ ሜትር ይህን ያህል ብሎ ማባዛት፣
ለጭቃ ቤት መቀነስ፣ ለውሃ ታንከር መጨመር፤
አስራ አንድ ሚሊዮን ቶን ወጣ፣ ከነስህተቱ ሲደመር።

«ድንጋዩን ተይው» አልኩሽ፤ «እሱ የጦሳ ነው፣
ከገዛ ትከሻው ወርዶ ጉልበቱ ላይ ያረፈው።»
ሳቅሽ። «ከትከሻ ወርዶ ጉልበት ላይ ሲያርፍ፣ አባባ፣
ያኔ ነው ሸክም የሚሆነው፤ በድምሩ ይግባ።»
ገባ።

መዝገቤን አወጣሁልሽ፣ አይጥ የቀመሰውን።
«ሰኔ አስራ ሁለት፣ ሹፌር ሙሄ አራጋው፣ ኤን ትሬ ከነተሳቢው፣
ሲሚንቶ፣ ሠላሳ አምስት ቶን።»
ያ ፒያሳ ያለው ፎቅ ነው፣ ላዩ ጥርስ የሚነቀልበት፣ ታቹ ጫማ የሚሸጥበት።
«ጥቅምት ሦስት፣ ሚስማር፣ አርባ ኩንታል።»
ሚስማርማ የት እንደገባ ማን ይነግርሻል?
በጣትሽ እየተከተልሽ ደመርሽ፣ ደመርሽና፣
«ከኔ ስሌት አነሰ» አልሽኝ፣ በትሕትና።

ያንሳል እንጂ።
ይሄን ለሚስቴ ለዘምዘም እንኳ አልነገርኩ፤
ስንቱን ቶን በሃምሳ ብር፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሳለፍኩ።
መርፌው አርባ ሲል እጄ ሠላሳ አምስት ጻፈ፤
ትርፉ ግን ተኖ አልቀረም፣ ከመኪናው ጋር አለፈ፣
አስፋልቱን አጎበጠ፣ ሐረጎ ላይ ፍሬን አቃጠለ፣
ደርሶም ተራገፈ፣ ተቦካ፣ ፎቅ ሆኖ ተተከለ።
ወረቀት ያልያዘውን መሬት ይዞታል።
ደሞዜ መቶ አርባ ብር ነበር፣ ልጄ።
የሌላውም ሚዛን ጠባቂ ደሞዝ መቶ አርባ ብር ነበር።

ብዕር አንስተሽ ከአምዱ ጥግ ጻፍሽ፦
«ያልተመዘገበ፣ አስራ ሁለት በመቶ።» አልተቆጣሽ፣ አልሳቅሽ።
የሃያ ስድስት ዓመት ነውር
ተጠራርጎ ሲገባ በአንድ መስመር
ገረመኝ። ትንሽም ቅር አለኝ።

በዚያ ብር ነው የሠራሁት፣ ከቧንቧ ውሃ በላይ ያለውን ቤቴን፤
አመል ሆኖብኝ ማታ ማታ መዘንኩት፣ ከዘምዘም ደብቄ ወረቀቴን፦
ግድግዳው ሃያ ስድስት ቶን፣ መሠረቱ አስራ አንድ፣
ቆርቆሮው ሦስት ኩንታል፣ ዘምዘም ከነሳጥኗ፣
እኔ ስልሳ ኪሎ።
አርባ ቶን አይሞላም። አንድ ጭነት ነው፣
ሙሄ በአንድ ምልልስ የሚያወርደው።

ባለፈው ሐምሌ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ከመስኮቱ እስከ ወለሉ።
«ወረቀት ለጥፍበት» አልሽኝ፣ «ከተቀደደ፣ እየሄደ ነው ማለት ነው ነገሩ።»
ቤቱን ፈትሼ ያገኘሁት የድሮ የሚዛን ደረሰኝ ነው፣
ሠላሳ አምስት ቶን የሚለው፣ በፊርማዬ።
ሁለቱን ጫፍ በሙጫ አጣበቅኩት።

ከሱብሒ በኋላ ባትሪ ይዤ አየዋለሁ።
እስከ ዛሬ አልተቀደደም።
ፊርማዬ ጋ ግን
ትንሽ ተወጥሯል።