የጥር ብልጭልጭ

ሐምሌ በገባ ሳምንት መኪናዬ ማፍሰስ ያዘ፤
ከጣሪያው መብራት ሥር ጠብ ጠብ እያለ
የኋላው ወንበር ስፖንጅ ውሃ አረገዘ።
ሲሊኮን ገዝቼ ሰንሩፉን ዙሪያውን ለቀለቅኩ፤
ባሰበት። ሌሊት ዘነበ፣ ጠዋት ምንጣፍ ጨመቅኩ።

ገላን፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ፣ ሂርጳ ጋ ወሰድኩት፤
"ቀዳዳ አለው መሰለኝ፣ ፈልገህ ድፈን" አልኩት።
ሳቀ። "ቀዳዳማ አለው፣ አራት፣ ፋብሪካው የሠራው፤
ውሃ መውረጃው ነበር፣ ቆሻሻ ነው የበላው።"

ሲሊኮኔን በምላጭ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ ላጠው፤
የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ ጫፉን በላስቲክ ጠቅልሎ፣
በማእዘኑ ቀዳዳ ቀስ እያለ ሰደደው።
"ኮምፕሬሰር አለህ አይደል?" ብለው፣ "ቱቦው ይነቀልና
ውስጥ ለውስጥ ይዘንብልሃል" አለ፣ በአፉ እፍ አለና።

ከፊት ጎማው ኋላ ጥቁር አተላ ወረደ፤
የባሕር ዛፍ ፍሬ ቆብ፣ የጥድ ቅጠል፣
ከዚያ፣ ከጭቃው መሃል፣ ወርቃማ ወረቀት፣
ክብ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት።

ጥር ነው። ለሠርግ አከራይቼው፣ መሪውን ይዤ እኔ፣
ካሜራማኑ በጣሪያው እስከ ወገቡ ወጥቶ፣
ሚዜው ብልጭልጭ ሲበትን፣ ክላክሱን ሲያቀልጠው ሁሉም፣
ሙሽራዋ "ዝጉት፣ በረደኝ" ስትል
የሰማት የለም።
እኔ ሰምቻለሁ። አልዘጋሁም።

ሂርጳ በሃይላንድ ውሃ ጣሪያው ላይ አፈሰሰ፤
ወዲያው በጎማው ሥር ወርዶ መሬት ደረሰ።
"ክረምት ሳይገባ አስጠርገው፣ ዛፍ ሥርም አታቁመው" አለኝ።
ከፈልኩ። ብልጭልጯ አውራ ጣቴ ላይ ተለጥፋ
እስከ ቱሉ ዲምቱ አብራኝ መሪ ያዘች።