መረብ

ከሱራባያ ስንነሣ፣ በዚያች ባረጀች ሞተር፣
አገጬ ከፓንጂ ትከሻ፣ ልቤ ግን ከቤት ነበር፤
ቢጫ ቀለም ከቀባናት (ለማን እንደሆነ ሳንል)፣
ስምንት ዓመት ከቆለፍናት፣ ጎማ ካጨቅንባት ክፍል።

«እሳት እንይ» ነበር ያለኝ፣ «ባሕሩንማ ሁሉ ያየዋል።»
ሻንጣ ሲታሰር ደግሞ የሰው ፍርሃቱ ይለያል፤
እኔ የሆድ መድኃኒት፣ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ ያዝኩኝ፣
እሱ መፍቻ፣ ትርፍ ካንዴላ፤ «መንገድ ላይ እንዳንቀር» አለኝ።

ኢጄንን በጨለማ ወጣን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ጭንብል አፋችን ላይ፣ በየግንባራችን መብራት፤
ዲኑ ግን ቀድሞን ገብቶ ጉሮሮ ውስጥ ተጎልቷል።
ታች፣ ከጉድጓዱ ወለል፣ ሰማያዊ ነበልባል ይልሳል፤
የጋዝ ምድጃ ይመስላል፣ ሰው ሳያጠፋው የሄደ፤
ይህን ብለው ፓንጂ ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆኖ ወረደ።

ሱካርጂን ያገኘነው እዚያው፣ ከዳገቱ ወገብ።
ሰባ ኪሎ ዲን በቀርከሃ ከትከሻው አጋድሞ፣
ሲጋራ ከንፈሩ ላይ፣ ከባዶ እጃችን ቀድሞ።
«እለፍ» ብንለው፣ «እናንተ እለፉ፤
የኔ ነገም አለ» አለን።
ቀርከሃው ያረፈበት ሥጋ ጉብታ ሠርቷል።
«ልጆችስ?» አለው ፓንጂ። ምን አስጠየቀው?
«አራት። ትንሿ ነርስነት ትማራለች።
አንዳቸውም ይህን ዳገት አያውቁት፣
እንዲያውቁትም አልፈልግ።»
ከቅርጫቱ ጥግ የዲን ኤሊ አውጥቶ ሸጠልን፣
በጣሳ ቅርጽ የረጋች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣
ቢጫ። ልክ እንደ ግድግዳው።
አየናት፤ ሁለታችንም ምንም አላልን።

ሲነጋ ሐይቁ ተገለጠ፣ ወተት የነካው አረንጓዴ፤
ዓሣ የለው፣ ወፍ አይጠጣው፣ ጣት ቢነክሩበት ይበላል።
አገር ምድሩ ተጠጋግቶ «እንዴት ያምራል!» ይለዋል፤
መካን ያለው ሰው ግን አልሰማሁም።

ብሮሞ በሦስተኛው ቀን። የአመዱን ባሕር ስንሻገር
ሁለቴ ወደቅን፣ ሁለቴ ጠፋች ሞተር፤
ካንዴላው ያኔ ደረሰ።
በጥርሳችን መሐል አመድ፣ በሽፋሽፍታችን አመድ፣
ከወደቅንበት ሳንነሣ ሳቅን፣ እንደ ሰካራም ዘመድ።

ቀኑ የካሳዳ ነበር፤ የተንገር ገበሬ ሁሉ
ሳሮንጉን አንገቱ ቋጥሮ፣ ደረጃው ሞልቶ ከአፍ እስከ ገደሉ፣
ጎመን ተሸክሞ፣ ድንች፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣
ፍየል የሚጎትትም አለ፣ ፍየሉ አልሄድም ብሎ።
ሽንኩርት የምትሸጥ አሮጊት ስለ ጥንቱ አጫወተችን፦
ባልና ሚስት ልጅ ቢያጡ ይህን ተራራ ለመኑት፣
ሃያ አምስት ሰጣቸው፣ «ታናሹን ግን መልሱ» አለ።
«እና መለሱለት?» አልኳት።
«ባይመልሱማ፣ ይህ ሁሉ ጎመን
ምን ሊሠራ ይወጣል?»

ሁለት ድንች፣ አንድ እፍኝ ቢጫ አበባ፣ በገመድ የታሰረ ገዛሁ።
ምን እንደምለምን አልተናገርኩም፤ ፓንጂም አልጠየቀም።
ስምንት ዓመት የተመላለሰ ልመና
ስም አያስፈልገውም።
ዐይኔን ጨፍኜ ወረወርኩ።

ስገልጥ፣ ከአፋፉ በታች፣ ጭሱ ውስጥ፣
ሰዎች ቆመዋል፣ በረጅም ዘንግ መረብ አስረው።
አንዱ ጎረምሳ አየር ላይ ቀለበው፣
ልመናዬን።
ድንቹን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፣ በሰበሰ እንደሁ አሸተተ፣
አበባውን ለተራራው ተወ፣ የቀረውን ጆንያ ከተተ፤
ቀና ብሎም እጁን አነሣልኝ፣ እንደ ጎረቤት።

ፓንጂ እንባዬን ይጠብቃል፣ መሐረብ ይዟል፣
እኔ ግን በሳቅ ጎኔን ያዝኩ።
እሳት ያልበላው ድንች ዛሬ ማታ ይቀቀላል፤
የአንድ ሰው ልጆች ይጠግባሉ።

ስንወርድ፣ አመዱ ሜዳ ላይ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣
«እነዚያን ጎማዎች ላውጣቸው እንዴ?» አለኝ።
መልሴን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው፤
ወይም ሰምቷል፣
ማርሽ ቀየረ።