ጠባቡ ጎማ

ላንቻዋን አቆመች ኦታቪያ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣
ስልሳ ሰባት ሥሪት፣ ወይራ ነው ቀለሟ።
ጎንበስ ብላ አየች፣ በጣቷ ዳሰሰች፤
"ጥርሱ እንኳን ደህና ነው፣ ምን ጎደለው?" አለች።

"ዶቶሬሳ፣" አልኳት፣ "ፈረስ ነው በጥርሱ
ዕድሜው የሚታወቅ። ጎማ ግን፣ እሱ፣
እንዳገጠጠ ነው የሚወጣው ነፍሱ።"

ጥፍሬን ጫንኩበት፤ አልሰረጎደም፣
ቀንድ ሆኗል። ጎኑ ላይ ስንጥቁ፣ እንደ ደም
ሥር፣ ተበትኗል። ማኅተሙን አየሁት፦
ሠላሳ አራት ክረምት፣ አንድም ሳይነዱት።

ሰፊውን ፈለገች፣ የዘመኑን ጎማ፣
ኩርባ የሚነክሰውን፣ ጩኸት የማያሰማ።
"ሰፊው፣" አልኩ፣ "ይይዛል፣ ይይዛል፣ ይይዝና
ባንዴ ይለቅሻል፣ ሳትዘጋጂ ገና።
ጠባቡ ያጉረመርማል፤ ኩርባው ላይ ይጮሃል፣
'ልለቅ ነው' ይልሻል፣ ፋታ ይሰጥሻል።"
"ዋጋውስ?" "ይበልጣል።" "ጠቦም?" "አዎ፣ ጠቦም።"
"ጥርስ ነቃይ ነኝ፣" ሳቀች፣ "በዋጋ አልሟገትም።"

ክሪኩን አስገባሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣
የቫልቩን መርፌ አውጥቼ አየሩን ለቀቅሁ፤
ረጅም፣ ሻጋታ የሚሸት ትንፋሽ።
ጎማውን ከቸርኬው በብረት ስፈለቅቅ፣
ከሆዱ፣ ፀሐይ ካላየው ጥቁር ላይ፣
በነጭ ጠመኔ፦ "ፊት፣ ቀኝ፣ 1.7"።
ሰባቷ ወገቧ ላይ ቀበቶ ታጥቃለች።
ያባቴ ሰባት።
እሱ ነበር የነፋው።
እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት።

"ምን አገኘህ?" አለች።
"ምንም። የግፊት ልክ ነው።"

አዲሱን ከማልበሴ በፊት ጠመኔ ፈለግኩ፤
ሰባቷን እንደሱ ቀበቶ አስታጠቅኩ።
"መቶ ኪሎ ሜትር ቀስ በይ፣" አልኳት፣ "አዲስ ጎማ ያንሸራትታል።"

አልሰማችኝም።
የሞንዶቪ ኩርባ ላይ
ጠባቡ ሲጮኽ ሰማሁት።