አታንሺው

መርከቡ ሄደ፤ መኪናው ቀረ፣
በጨው፣ በበረዶ እንደተነከረ።
ቱርኩ ላይ አልነጋም፤ የጥር ጨለማ፤
ቴሌርቮ ገባች በላስቲክ ጫማ፤
ከምንጣፉ ላይ የውሻ ጠጉር፣
የከረሜላ ወረቀት ከወንበሩ ሥር፣
ጠረገች፣ ፈተገች። ቀረ የማይታየው፣
ጨርቅና ሳሙና የማይለየው።

ስክሪኑን ነካች፤ ተደርድረዋል ስሞች፣
በብሉቱዝ ገብተው ያልወጡ እንግዶች፦
የኦስሞ ስልክ፣ የራኡኒ፣ የሄልካ ሁለተኛው
(ለባሏ የነገረችው የትኛው? ይሄኛው?)

ሄልካ ቸኩላ «እሺ» ብላው ኖሮ፣
መኪናው ይዟል የስልኳን ጓዳ ቋጥሮ፦
እናት። ጥርስ ሐኪም። የልጅ ትምህርት ቤት።
ከሥሩ ደግሞ «አታንሺው» የሚባል አለበት።

«አታንሺው» ደወለ፣ አርባ አንድ ጊዜ፤
አርባውን ቻለችው በዝምታ፣ በትካዜ።
አርባ አንደኛው ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ቆየችበት።

ቴሌርቮ ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች፤
ጣቷን ዘረጋች፣ መለሰች፣ ዘረጋች።
«ሁሉም ይጥፋ?» አላት፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ደግሞ።
ሄልካን ያን ሌሊት እንዲህ የጠየቃት የለም ቀድሞ።

ነካችው። ጠፋ። ከደጅ አዲሱ ተከራይ
በረዶ ያራግፋል ከስልኩ ፊት ላይ።