ግማሹን ብቻ

ኪራዩ ሲጨምር በዓመት ሁለት ጊዜ፣
ጎማ ያለው ቤት ያዝኩ፣ ቀለለኝ ትካዜ።
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከኮንዶው ጀርባ ላይ፣
ሰማያዊ ነጩ ሚኒባሴ ሲታይ፣
«መገናኛ ነው ወይ?» ይላል መንገደኛ፤
«የለም ወንድምዓለም፣ እዚህ የምንተኛ…»
አልጨርስለትም።

ትርንጎ ከኋላ፣ ከመጋረጃው ሥር፣
የተማሪ ሸሚዝ ቁልፍ ስትደረድር፣
ፀሐይ ፉሪ ጀርባ ቸኩላ ስትጠልቅ፣
መርፌውም ከክሩ ዓይኑን ሲደብቅ፣
«መብራት» ትለኛለች።
መብራት ማለት ባትሪ፣ ባትሪ ማለት ብር፣
ብር ማለት ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ወጥቶ ነበር፦
ሃያ ሁለት ሺህ፣ ካልሲ ውስጥ የታሰረ።

ማልደን ገላን ሄድን።
የሁንዴ ሱቅ አሲድ አሲድ ይላል፤
ሁንዴ ራሱ ሱሪው በነጥብ በነጥብ ተበልቷል።
«ይሄ ሊትየም ነው፣ ላባ ነው ክብደቱ፣
ዋስትናው ዐሥር ዓመት፣ ይኸው ወረቀቱ!»
ስንት? አልኩት።
ነገረኝ።
ዕቁቤን ሦስት ጊዜ አጥፎ ነገረኝ።
ትርንጎ ሳቀች።
ዐሥር ዓመት ዋስትና!
ለኛስ፣ ለባለቤቶቹ፣ ማን ዋስ ሊሆነን ነው?

«እንግዲያው ይሄን ውሰድ፣ የሲኖትራክ ነው፣
በብርድ ሞተር ቀስቅሶ የሚያስጮኸው።»
አውቀዋለሁ እሱን። ልክ እንደ አጎቴ ነው፦
ሠርግ ቤት በር ላይ ፎክሮ፣ ሸልሎ፣ አቧራ አስነስቶ፣
ማታ ድንኳን ሊፈርስ፣ ዕቃ ሊታጠብ ሲል የሚጠፋ።
እኔ የምፈልገው የሚያስነሳ አይደለም፤
የሚያመሽ ነው።
ጠብ ጠብ እያለ፣ ሳይቸኩል፣
ሌሊቱን እስከ በሩ የሚሸኝ።

ከጥግ፣ ከአቧራ ሥር፣ ሁለት ግራጫ ጄል ባትሪዎች፤
ከስልክ ማማ ጡረታ የወጡ፣
የስንቱን «ሃሎ፣ ይሰማሃል?» በጀርባቸው ያዘሉ።
ወልደሰንበት ኤሌትሪክ ሠሪው ነግሮኝ ነበር፦
«ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሁሉም ሙሉ ነው፤
ሥራ ስጠውና እየው።»
ቴስተሬን አወጣሁ። ዐሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ ሁለቱም።
የሚኒባሱን የፊት አምፖል አሰርኩባቸው፣ በየተራ።
ሁንዴ ሻይ አዘዘ።
ሻዩ ሳያልቅ አንደኛው ዐሥር ነጥብ አራት ወረደ፤
አምፖሉ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ አንገቱን ደፋ።
ሁንዴ አፈረ፣ ወይም ያፈረ መሰለ።
ሁለተኛው ግን አምፖሉን አቅፎ
አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ፣
ከዐሥራ ሁለት ሳይወርድ።

እሱን ብቻ ገዛን።
ዘጠኝ ሺህ ያለውን ትርንጎ ስምንት ከአምስት መቶ አደረሰችው፤
በቀረው ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝ፣
አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ ሶላር ለጣራችን።
«ግማሹን ብቻ ብላ» አለ ወልደሰንበት፣ ብሎኑን እያጠበቀ፣
«ያለውን ሁሉ የሚሰጥ ቶሎ ይሞታል፤
ባትሪም፣ ሰውም።»
እሱ ራሱ ለሥራው ዋጋ አልጠየቀንም።

ዘመዶቼ ቤት አልባ ይሉኛል።
ይበሉ።
አንዳንድ ግጥምም ቤት ሳይመታ ያድራል፤
ይኸው ይነበባል።

ነሐሴ ነው። ሶላሩ ደመና ሲቆጥር ውሏል።
ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ጅቡ ከወንዙ በኩል ነው።
የስፌት መኪናዋ ሞተር ዝም ብሏል፤
ሸሚዙ ዐሥራ አንደኛ ነው።
ቁጥሩን አየሁ፦ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት።
«ግማሽ ደረሰ» አልኳት።
«አንድ ቁልፍ ቀረኝ።»
«ግማሽ ነው፣ ትርንጎ።»
«አንድ ቁልፍ።»
አጠፋሁት።

ያን የደበቀውን ዓይኑን ዳበሰች፣
ክሩን አስገባችው፤ ቁልፏን ጨረሰች።