የናዳው ወይን

ላንጌ ኮረብታ ላይ፣ በኅዳር፣ ሌሊት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
የአያቴ የወይን ማሳ በዝናብ ተቀማ።
ስልሳ ዓመት የቆመ፣ ክንድ የሚያክል ግንድ
ጠዋት ተኝቶ አገኘን፣ ከታች፣ ከመንገድ።
አባቴ ኦሬስቴ ባርኔጣውን አውልቆ
እንደ ለቀስተኛ ቆመ፣ ጭቃው ላይ ጫማው ጠልቆ፤
አላለቀሰም ግን። ዝም ብሎ አየና
"መንገዱ ይጠረግ፣ ይደወል ለመኪና"
አለና ገባ።

በመጋቢት ተከልን። ካስማ መቺው ኔቪዮ፣ ግንበኛው፤
እኔ ነኝ ገመዱን የያዝሁ፣ ለመለኪያው።
አራት መቶ የኔቢዮሎ ችግኝ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣
ጥንቸል እንዳይበላው በላስቲክ የተከደነ።
አንደኛው ዓመት ቅጠል፣ ሁለተኛው ሐረግ፣
ሦስተኛው ላይ ጥቂት ፍሬ፣ እንዲያው ለወግ።
በአራተኛው መስከረም ግን ዘለላው ጠቆረ፤
ተርቡ ከእኛ ቀድሞ ቀምሶት ነበረ።

"አይሆንም" አለ አባቴ። "ልጅ ያቦካው ለራት
አይበቃም። ሥሩ ገና ነው፣ አልጠጣም ከድንጋዩ ጥልቀት።
ሃያ ዓመት ይቆይ፤ ያኔ ነው ወይን የሚባል።"
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ሂሳቡን ማን ይነግረዋል?

ምድር ቤት ውስጥ አለው፣ አሸዋ የቀበረው፣
እናቴን ባገባ ዓመት የታሸገ፣ የተከበረው
ጠርሙስ፤ ለልዩ ቀን። ለእኔ ሠርግ አልተከፈተ፤
ለወንድሜ ምረቃ "ገና ነው" ተብሎ ተከተተ፤
ለእናቴ ቀብር ዕለት ቁልፍ ይዞ ወረደ፣
ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ጉልበቱ እየራደ።

ሰርቄ ለቀምሁት፣ እሱ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ። ሁለት መቀስ፣
ኔቪዮና እኔ፤ ከንጋት ጀምረን ምሽት እስኪደርስ።
"ተርቡ ጨረሰው" ብዬ ዋሸሁት፤ ያመነም መሰለ፤
የጣቴን ጥቁረት እያየ ምንም ሳይል ዋለ።
በርሜል አላየም፣ እንጨት፤ ምን ያደርግለታል?
ልጅ ካባ ቢደርብ ይደናቀፋል።
የብርዱን ወራት በብረት ጋን ብቻውን ሲያወራ፣
ሚያዝያ ላይ ጠርሙስ ገባ፣ ስም ሳይኖረው፣ ሳይኮራ።

ማክሰኞ ነበር። ምንም ያልሆነ ማክሰኞ።

የባቄላ ሾርባ፣ ዳቦ፣ ከትናንት የተረፈ ሥጋ፤
ኔቪዮ ከነሲሚንቶ እጁ ከገበታው ተጠጋ።
በውሃ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ምንም ሳልናገር።
ቀለሙ ማዶውን ያሳያል፤ ጣቴን፣ የጨርቁን አበባ ጭምር።
ሽታው የተጨፈለቀ እንጆሪ፣ ዝናብ የነካው አቧራ፤
መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቆነጥጣል፣ እንደ ልጅ ሲጣራ።

አባቴ ጠጣ። ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ፤
ደገምሁለት። ሦስተኛው ላይ ባርኔጣው ጠፋ
(ወንበሩ ሥር ነበር)።
"የማን ነው?" አለኝ። "የናዳው" አልሁት።
ሾርባውን በዳቦ ጠረገ። እኔም ጠበቅሁት።
"ሥሩ ገና ነው" አለ። "አዎ።" "ጥልቀት የለውም።"
"የለውም።" "ለከርሞ ግን ይህን ጣዕም አናገኘውም።
ቅጂ እንጂ!"

ማታ ከምድር ቤት ድምፁ ይሰማኛል፤
ቁልፉን ይዞ ወርዶ ጠርሙስ ይቆጥራል፦
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ...
አሸዋው አልተነካም። ተሳሳተ፤ ከአንድ ጀመረ እንደገና፤
ረቡዕ ምሳ ላይም ኔቪዮ ይመጣልና።